ፎርማት ሳይደረግ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ቤቴል ሰፈር ለታመመ ኮምፒውተር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት ይደረግ። ገና ሳይነሣ መልሶ ይጠፋል? እሱም ፎርማት ይደረግ። ከጦር ኃይሎች በታክሲ የመጣ ሰው ከወረደበት ጀምሮ በየሱቁ በር ላይ «ፎርማት እናደርጋለን፣ ዊንዶውስ እንጭናለን» የሚል ማስታወቂያ እያነበበ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው።

ይህን የማነሣው የዚያን ዘመን ቴክኒሺያኖች ለመውቀስ አይደለም። ምክንያት ነበራቸው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮት ይዞራል። ኢንተርኔት ዘገምተኛና ውድ ስለነበር አንቲቫይረሱን የሚያድስ ሰው ጥቂት ነው። አንድን ማሽን ቁጭ ብሎ ከመመርመር ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ይፈጥናል፤ ደንበኛም የሚፈልገው ማሽኑ ቶሎ እንዲመለስለት ነው። ነገር ግን በዚያ መጥረግ ውስጥ የሰፈሩ ስንትና ስንት ነገር አብሮ ተጠርጓል። እኔ የማስታውሰው ሳይጠረግ የተረፈውን አንዱን ነው።

12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሥራ ገባሁ። ግማሿ ፎቶ ኮፒ፣ ግማሿ ኮምፒውተር ነበረች። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ይላቸው ነበር። እትዬ በወጣትነታቸው የአማርኛ ታይፕ ጸሐፊ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ዓይናቸውን ሳይጠብቁ ፊደሉን ያገኙታል። ጡረታ ሲወጡ ባጠራቀሙት ብር አንድ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ገዙ። ፔንቲየም 4፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። በዚያች ማሽን የሰፈሩ ኑሮ ወረቀት እየሆነ ይወጣ ነበር፤ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ለክፍለ ከተማ የሚገባ ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ፣ የመምህራን የፈተና ወረቀት፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የሚያስጽፉት ሲቪ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ የሙት ዓመት ማስታወቂያ።

ሰው አንድ ጊዜ ያስጻፈውን ከዓመት በኋላ ተመልሶ ይፈልገዋል። «እትዬ፣ ያቺን ማመልከቻዬን ቀኗን ብቻ ቀይረው ያውጡልኝ» ይላል። እሳቸውም ከፎልደሩ መርጠው ያወጡለታል። የፎልደሩ ስም በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት አጭር ምልክት ነው። ብዙ ሰው የታተመውን ወረቀት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰጥቶ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው፤ ቅጂው የቀረው እዚያች ማሽን ውስጥ ነው። አንድ ሰው ያንን ዲስክ ቢከፍተው የቤቴልን የእነዚያን ዓመታት ውል፣ ክርክር፣ ደስታና ሐዘን በተርታ ያገኝ ነበር። ይህ የገባኝ ግን ሊጠፋ ሲል ነው።

ዲስኩን የጎዳው መብራት ነው ብዬ አምናለሁ። በ2001 ዓ.ም. ከተማው መብራት የሚያገኘው በፈረቃ ነበር። ፈረቃው ካበቃም በኋላ መብራቱ ሳይናገር መሄዱን አልተወም። እትዬ ስታቢላይዘር ነበራቸው፤ ስታቢላይዘር ግን የኃይሉን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ የለውም፤ እሱ የዩፒኤስ ሥራ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳሕኖች አሉ። የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ሳሕኑን አይነካውም፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ክፍተት በላዩ ይንሳፈፋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስኩ በሳሕኖቹ ቀሪ ሽክርክሪት ኃይል ራሱን ወደ ማረፊያው ለመሰብሰብ ይሞክራል። ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። በቀን ውስጥ ደጋግሞ እየጠፋ ሲመለስ ግን በመጻፍ ላይ የነበረው በግማሽ ይቆረጣል፣ ዕቃውም ያልቃል።

በ2004 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ ማሽኗ ፋይል ስታስቀምጥ መቆም ጀመረች። «ሴቭ» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝምታ፣ እንደገና ጠቅ። ራሱ አንድ ቦታ ለማንበብ ሞክሮ ሲያቅተው ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና የሚሞክርበት ድምፅ ነው። የሰፈራችን ቴክኒሺያን መጥቶ ሰማ፤ ሲፒዩውንም ሳይከፍት እንደተለመደው «ፎርማት ይደረግ» አለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ፎርማት የተጎዳን ዲስክ ያዳነ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የተታለለውም በዚህ ነው። ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ ተጠባባቂ ቦታ ተመድቦለት ነው። አንድ ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት የሚይዝ ትንሽ ክፍል፣ አልነበብ ሲል ዲስኩ «ይህ አጠራጣሪ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። በላዩ አዲስ ነገር ሊጻፍበት ሲል ደግሞ ቦታውን ትቶ ከተጠባባቂው ይተካዋል። ስለዚህ ዲስኩን ጠርገን ዊንዶውስን እንደገና ስንጭን በተጎዱት ቦታዎች ላይ እየጻፍን እንዲተኩ እያደረግን ነው። ማሽኑ በማግሥቱ ፈጥኖ ይነሣል፤ ሰውም «ዳነ» ይላል። የታመመው ራስ ወይም የተላጠው ሳሕን ግን እዚያው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ የሚድን ነገር የለም፤ አሮጌው ሰነድ በፎርማቱ፣ አዲሱ በዲስኩ ሞት ሄዷል።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር በእኛ ሰፈር ብቻ የሚታይ አልነበረም። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት አለ። አንድ ዲስክ በፍተሻ ላይ የመጀመሪያውን የንባብ ስሕተት ካሳየ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። በዚያው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስማርት በሚባለው የዲስኩ የራሱ መከታተያ ላይ አንዳች ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት። እንግዲህ ምልክት ያሳየ ዲስክ ለባለቤቱ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። የእትዬ ዲስክ እየጮኸ ነበር፤ ያም ዕድል ነበር።

ማሽኗ ከፎርማት የተረፈችው በፊደላችን ምክንያት ነው። ያኔ አማርኛ የምንጽፈው ፓወር ግዕዝ በሚባል ፕሮግራም ነበር። የድሮው የኮምፒውተር ፎንት ከ256 የሚበልጥ ቦታ የለውም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ያንን ያልፉታል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን ከአንድ በላይ በሆነ ፎንት እያከፋፈሉ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ሰነዱ አማርኛ ነው፤ በሌለበት ማሽን ላይ ግን ማንም የማያነበው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ የሆነው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን አስገብቶ ነበር፤ ዊንዶውስ ቪስታም እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ ገበያ ላይ ዋለ። ቤቴል ግን ገና ኤክስፒ ላይ ነበረች፤ የሰፈሩም ሰነድ በሙሉ በአሮጌው አጻጻፍ የተጻፈ ነው።

የእትዬ የፓወር ግዕዝ ሲዲ ተጭሮ አይነበብም። ለዓመታት የሰበሰቧቸው ፎንቶች፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ደብዳቤ ያዘጋጁት ሞዴል፣ የአሮጌው ፕሪንተር ድራይቨር፣ ሁሉም ያለው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው። ሰነዶቹን በፍላሽ ገልብጦ ዊንዶውሱን ጠርጎ መጫን ሰነዶቹን ዲዳ ማድረግ ነበር። መወሰድ የነበረበት ሲስተሙ ሙሉውን ነው፤ ዊንዶውሱ፣ ፕሮግራሙ፣ ፎንቱ፣ ሰነዱ፣ ሁሉም በነበረበት ቦታ እንዳለ።

ይህን የነገረን የእትዬ እህት ልጅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ድምፁን እንደሰማ መጀመሪያ ያደረገው ማሽኗን ማጥፋት ነው።

«አክስቴ፣ ከእንግዲህ እንዳያበሯት።»

«ልጄ፣ የእድሩ ስብሰባ እሑድ ነው። የአባላቱ ዝርዝር እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

«ለዚያ ነው እንዳያበሯት የምልዎት። ይህ ዲስክ በበራ ቁጥር የቀረውን ዕድሜ እየጨረሰ ነው። የቀረችውን ዕድሜ ለመገልበጥ ብቻ እንጠቀምባት።»

እትዬ እጃቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ቀድሞ «እሺ» ለማለት የሚቸኩሉ ሴት አልነበሩም፤ ያን ቀን ግን አሉ። እኔ ከዚያ ልጅ የተማርኩትን ሌላ ቦታ አልተማርኩትም። የታመመ ዲስክ ላይ «ቼክ ዲስክ» የሚባለው የዊንዶውስ መጠገኛ አይሮጥም፤ ጥገናው ራሱ ይገድለዋልና። ሰነድ መመለሻ ፕሮግራምም በላዩ አይጫንም። በመጀመሪያ ይገለበጣል፤ የሚጠገን ካለ ቅጂው ይጠገናል።

አዲስ ዲስክ መግዛት ደግሞ በዚያ ሰሞን ቀላል አልነበረም። ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ታይላንድ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። የዓለም ሃርድ ዲስክ ትልቅ ድርሻ የሚሠራው እዚያ ነበር፤ የዌስተርን ዲጂታል ፋብሪካ ውሃ ውስጥ ገባ። ዋጋው በብዙ አገር እጥፍ ድረስ ወጣ። መርካቶም ደምበልም ስንጠይቅ ነጋዴዎቹ ከሳምንት ሳምንት ሌላ ዋጋ ይናገሩ ነበር። የሩቅ አገር ጎርፍ በቤቴል አንዲት ጽሕፈት ቤት ካዝና ውስጥ ሲገባ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ለፎቶ ኮፒው ቀለም ያስቀመጡትን ብር ጨምረው 250 ጊጋባይት ዲስክ ገዙ። እነዚያ ሰነዶች የሳቸው አልነበሩም፤ የሰው አደራ ነበሩ። በዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ዲስክን ከዲስክ መገልበጥ በአዲስ አበባ አዲስ ነገር አልነበረም። ኢንተርኔት ቤቶች ኖርተን ጎስትን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ኒው ዚላንድ ውስጥ የተሠራ፣ በኋላ ሲማንቴክ የገዛው ፕሮግራም ነው፤ አንዱን ማሽን አስተካክሎ የቀሩትን በእሱ አምሳል ማዘጋጀት ያስችላል። ጎስት ግን ለጤነኛ ዲስክ ነው የተሠራው፤ የማይነበብ ሴክተር ሲያጋጥመው ስሕተት አሳይቶ ይቆማል። ለታመመ ዲስክ ሌላ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር።

ልጁ ሲዲዎች ይዞ መጣ። አንደኛው ኡቡንቱ ነው። ካኖኒካል የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ኡቡንቱን በሲዲ አትሞ ለጠየቀው ሁሉ፣ የፖስታውንም ሳያስከፍል ይልክ ነበር። ኢንተርኔቱ ሙሉ ሲዲ ለማውረድ በማይበቃበት አገር ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ፖስታ ሳጥን ያለው ሰው ይጠይቅና ለጓደኞቹ ያከፋፍላል። ሁለተኛው ሲስተም ሬስኪው ሲዲ ነው፤ ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም ያለው እሱ ውስጥ ነው። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የሚባል ሰው የጻፈው፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ይህን ሰው አይቼው አላውቅም፤ ቤቴል የምትባል ሰፈር መኖሯንም አያውቅም ይሆናል። ያተረፈልን ነገር ግን ትልቅ ነው።

አሠራሩን ልግለጸው፤ ብልህነቱ እዚያ ነውና። ተራ የመገልበጫ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ሴክተር ጀምሮ በተራ ይሄዳል፤ የማይነበበው ላይ ሲደርስ እዚያው እየታገለ ዲስኩን ያደክመዋል። ዲዲሬስኪው ግን አስቀድሞ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ይሰበስባል፤ እንቢ ያለውን እየዘለለ ያልፋል። የዘለለውን ቦታ ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ዋናው ከተረፈ በኋላ ወደ ተዘለሉት ተመልሶ ከፊትም ከኋላም እየቀረበ፣ በመጨረሻም ሴክተር በሴክተር ይሞክራቸዋል። ዲስኩ መሐል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው በእጅ ነው።

ቁም ጸሐፊ ከተበላ ብራና ሲገለብጥ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። የማይነበበው መስመር ላይ ደርሶ መጽሐፉን አይዘጋም፤ ቦታውን ባዶ ትቶ የሚነበበውን ይጽፋል፤ ሌላ ቅጂ ሲያገኝ ይሞላዋል። ጥንታዊ ጽሑፎቻችን እስከ ዛሬ የደረሱት አሮጌው ሳይሞት አዲሱ እየተጻፈ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም በየገዳሙና በየደብሩ እየተዘዋወረ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚያን ፊልሞች እያነበቡ ካታሎግ ለማዘጋጀት ነው። ዛሬ ዋናው ብራና የጠፋበት፣ ፊልሙ ብቻ የቀረ መጽሐፍ አለ።

ወደ ቤቴል ልመለስ። ሲፒዩውን ከፈትነው፤ አቧራውን በብሩሽ ጠረግነው። አሮጌው ዲስክ በሰፊው የአይዲኢ ገመድ የሚሠራ ነው፤ አዲሱ ሳታ በሚባለው ገመድ ነው። ማሽኗ ሁለቱንም ትቀበላለች። ልጁ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱን ዲስኮች መለያ ቁጥር በወረቀት ጻፈ፤ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ጮክ ብሎ አነበበልኝና እኔም መልሼ እንዳነብለት አደረገ። ምንጭና ተቀባይ ከተለዋወጡ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ይህን ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ጤነኛ 40 ጊጋባይት ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የእኛ መጀመሪያው ሮጠ፤ ከዚያ ቁጥሩ ወረደ፤ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። እትዬ ሱቁን ዘግተው ከውስጥ ቁጭ አሉ፤ ከቤታቸው ቡና በፔርሙስ አስመጡ። ውጭ የመጨረሻው ታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ አለፈ። ሌሊቱ ሲገፋ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ልጁ ግን መዝገቡን ፍላሽ ላይ እንዲጻፍ አድርጎት ነበር። ከሲዲ የተነሣ ሲስተም የያዘው ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ፍላሹ ላይ ያለው ግን ይቆያል። መብራቱ ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ጻፈ፤ ፕሮግራሙ መዝገቡን አንብቦ ካቆመበት ቀጠለ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቀዋል።

ሲነጋ የቀረው የማይነበብ ነገር ከዲስኩ ስፋት አንጻር ኢምንት ነበር። ልጁ አሮጌውን ዲስክ ነቀለው። ኤክስፒ ሲስተሙ የተገለበጠለትን ዲስክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሣ አሮጌው አብሮ ከተሰካ የሁለቱ መለያ አንድ ስለሆነ ሲ እና ዲ ይምታቱበታል፤ ዊንዶውሱ መግቢያው ላይ ይቀራል። ስለዚህ አዲሱ ብቻውን መነሣት አለበት። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሳታው እንደ አይዲኢ እንዲቆጠር አደረገ። የእትዬ ኤክስፒ ለአዲሱ አሠራር ድራይቨር የለውም፤ እንደዚያ ባይደረግ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ይቀር ነበር።

ማሽኗ ተነሣች። ያው የቀድሞው የአበባ ሥዕል፣ ያው በስክሪኑ ላይ የተበተኑ ፎልደሮች። ዊንዶውሱ ራሱ «ቼክ ዲስክ» እንዲደረግ ጠየቀ፤ አሁን በጤነኛው ዲስክ ላይ ስለሆነ አደረግነው። እትዬ የእድሩን ደንብ ከፈቱ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ወጣ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው የመጀመሪያውን አንቀጽ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። ቀጥለው ያሉት «ፕሪንተሩን አብራው» ነው፤ የአባላቱን ዝርዝር ያኔውኑ አተምን።

የጠፋም ነበር። አንድ የፈተና ወረቀት አልከፈት አለ። አንድ የሰርግ መጥሪያ ከግማሹ ተቆርጦ ቀረ። የእድሩ የቆየ የመዋጮ ሠንጠረዥ ከነበረበት ዜሮ ብቻ ተገኘ፤ የእድሩ ጸሐፊ የነበሩት አባት ግን የታተመውን በማኅደር አስቀምጠውት ስለነበር ከእሱ እያየን ድጋሚ ጻፍነው። ወረቀቱ ዲስኩን ያዳነበት ጊዜም አለ። ከዚያ በኋላ እትዬ በአዲሱ ዲስክ ትርፍ ቦታ ላይ ዲ የሚባል ክፍል አስከፍተው ሰነዶቹን ከዊንዶውሱ ለዩ። በየሳምንቱ ቅዳሜም አሮጌ ፍላሽ ላይ እየገለበጡ ቤታቸው ይወስዱት ጀመር። ሱቁ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ሰነዱ ሌላ ጣሪያ ሥር ነው።

ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ድጋፉ ተቋረጠ። ሰው ማመልከቻውን በስልኩ መጻፍ፣ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ለመደ። ብዙዎቹ ጽሕፈት ቤቶች ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ብቻ ሆኑ፤ ብዙዎቹም ተዘጉ። ማሽኖቹ የት ሄዱ? አንዳንዱ ለቆራሌው ተሸጠ፤ አንዳንዱ በየቤቱ አልጋ ሥርና ቆጥ ላይ ነው። የእትዬ ሰነዶች ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በልጆቻቸው እጅ ናቸው፤ ከአሮጌው የፓወር ግዕዝ አጻጻፍ ወደ ዩኒኮድ የለወጥናቸውም አብረን ነው። አሁን በማንኛውም ስልክ ይነበባሉ። በአንድ ሰፈር ግን ስንት እንዲህ ያለ ዲስክ ነበር? ከወይራ ሰፈር እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ፣ በየመንገዱ ዳር አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። ወደፊት የእነዚያን ዓመታት የአዲስ አበባ ኑሮ ለማጥናት የሚነሣ ሰው በመንግሥት መዝገብ ቤት የተቀመጠውን ያገኛል፤ ሰው ለሰው የተጻጻፈውን፣ እድሩ የተስማማበትን፣ ተከራይና አከራይ የፈረሙትን ግን የሚያገኘው እነዚያ ዲስኮች ውስጥ ነበር። አብዛኛው በ«ፎርማት ይደረግ» አልቋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ያልተነገረለት ጥፋት ነው።

የቀረው ግን አሁንም ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ እናንተ ቀድሞ ጽሕፈት ቤት፣ ፎቶ ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት የነበራችሁ፣ ወይም የወላጆቻችሁ አሮጌ ማሽን ቤት ውስጥ የተቀመጠላችሁ፣ ዛሬውኑ አውጡት። «ይነሣ እንደሆነ እስቲ ልየው» ብላችሁ ደጋግማችሁ አታብሩት። አቧራውን ጥረጉ፣ ዲስኩን ንቀሉ፣ ከሌላ ጤነኛ ማሽን ጋር አገናኝታችሁ በመጀመሪያ ሙሉውን ገልብጡ፤ ዲዲሬስኪው ዛሬም በነፃ ይገኛል። ድምፅ ካሰማ ወይም መገልበጡ ካቃታችሁ አጥፉትና ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ ፎርማት ላድርግላችሁ ካለ ግን ዲስካችሁን ይዛችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። በአሮጌው አጻጻፍ ያለውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት። ውስጡ የሰው ምስጢር ያለበት መሆኑን አትርሱ፤ የሰው አቤቱታና ውል ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ አይበተንም። የእድርና የማኅበር ደንብ፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የሰፈር ታሪክ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ቅጂ ለእድሩ፣ አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ ቤተ መጻሕፍትም የሚቀበል ካለ አስቀምጡ። ዲስክ ሳይሠራ ቢቀመጥም ያረጃል፤ በ2004 የተገዛው እንኳ አሁን ዕድሜው አልፏል።